38 ደቂቃ ወደ 6 ደቂቃ ሲወርድ፦ የአንዲት የደሴ መምህርት ቪዲዮ

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ሙሽሮች ከመኪና ሲወርዱ፣ ሚዜ ሲጨፍር፣ እናት ሲያለቅሱ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ስለ ትምህርት ቪዲዮ የማውቀው ነገር አልነበረም። ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦ ከተማው ውስጥ በገባበት አንድ ከሰዓት፣ የድሮ የጂኦግራፊ መምህሬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ጃንጥላቸው ያንጠባጥባል። ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ታቅፈውታል።

«አንተ ልጅ፣ ይችን ነገር አሳጥርልኝ።»

«አብሽሩ ቲቸር። ስንት ደቂቃ ነች?»

«38።»

ቪዲዮው የክፍል ትምህርት ነው። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ተማሪ ስልክ ይዞ ከኋላ ወንበር የቀረፀው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መስከረም ላይ ግራ ከሚጋባ፣ በክረምቱ ዋና ዋናዎቹን ሐሳቦች በአማርኛ ይስማ፣ የእንግሊዝኛ ስማቸውንም ጎን ለጎን ይልመድ። የመጀመሪያው ርዕስ ከፍታና ሙቀት ነው። ደሴ ለምን ይበርዳል? 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ለምን ጃኬት እናወልቃለን?

እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይመጣልን ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ። አስተማሪዋ ትንደረደራለች። እኛ ደብተር ገልጠን ርዕሱን ሳንጽፍ ጥያቄ ጠይቃ፣ ራሷ መልሳ፣ ወደ ሌላ አልፋለች። ማቆም የለ፣ መመለስ የለ። ቲቸርም ያን ጊዜ ጥግ ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። «እንደ ፕላዝማው እንዳይሆንብኝ» ያሉኝ ለዚያ ነው። ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ ቢያንስ ይቆማል፣ ይመለሳል።

የአምስት ሰዓት አፕሎድ

በራሴ ኮምፒውተር፣ በለመድኩት ከባድ ፕሮግራም ብሠራው በአንድ ሌሊት ባለቀ ነበር። ቲቸር ግን እምቢ አሉ። «ሁልጊዜ አንተ ጋ ልመላለስ ነው? እኔው ልሥራው፣ አሳየኝ።» የእሳቸው ላፕቶፕ ያንን ፕሮግራም አይችለውም። ስለዚህ ምንም ሳይጫን በብሮውዘር የሚከፈት ኦንላይን ኤዲተር ፈለግን።

የመጀመሪያው መሣሪያ ገና ሲከፈት ያምራል። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበር። ፋይሉን ወደ ራሱ ሰርቨር ውሰድና እዚያ ኤዲት አድርግ የሚል ዓይነት ነው። የቲቸር ፋይል 4.8 ጊጋባይት ነበር። የእኔ ሱቅ መስመር ቀን ቀን ወደ ላይ የሚሰጠው 2 ሜጋቢት ያህል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም። 8 ቢት ነው 1 ባይት የሚሆነው። 2 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ብቻ ነው። 4.8 ጊጋን በሩብ ሜጋ አካፍሉት፤ ከ5 ሰዓት በላይ ይወጣል። እኛ ሳናካፍል ጀመርን። ሻይ ጠጣን። ምሳ በላን። 60 ምናምን ከመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመለስ ከዜሮ ጀመረ።

ቲቸር የተናደዱት ግን በመብራቱ አልነበረም። «የልጆቹ ፊት አለ እኮ እዚህ ውስጥ። የት ነው የሚሄደው?» አሉ። እኔ አላሰብኩበትም። የሰርግ ደንበኛ ፊቱ እንዲታይለት ነው የሚከፍለኝ።

ሁለተኛው መሣሪያ ፋይሉን ተቀበለ፤ ግን የራሱን ስም ጥግ ላይ ለጠፈበት። ለማስነሳት በየወሩ በዶላር መክፈል ነው። እሱ ይቅር፣ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ። ፎንቱ ውስጥ የእኛ ፊደል ከሌለ እንዲህ ነው የሚሆነው። የባሰው ደግሞ ቲቸር ማስታወሻቸውን ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው የጻፉት። ከዚያ ኮፒ አድርገን ስንለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አሠራሮች ለእያንዳንዱ የእኛ ፊደል የሌላ ፊደል ቤት ተውሰው ነበር የሚሠሩት። እዚያው ፎንት ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ከቤቱ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚታየው። ሁለት ገጽ ማስታወሻ እንደገና ተጻፈ።

ሦስተኛው ላይ ተረጋጋን። ክሊፕቻምፕ ይባላል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 የገዛው ነው። በክሮም ወይም በኤጅ ብሮውዘር ይከፈታል። የወደድነው ፋይሉን ሰርቨር ላይ ሳይሰቅል እዚያው የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ ነው። ገጹን ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ 4.8 ጊጋ ለመላክ ግን አያስፈልግም። በነጻው ስሪት ቪዲዮው ላይ ምልክት አይለጥፍም። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን፦ ቲቸር በራሳቸው ስልክ የቀረፁት ሙከራ ድምፁ እየመጣ ምስሉ ጥቁር ሆነ። ስልኩ ቦታ ለመቆጠብ ኤችኢቪሲ በሚባለው አዲስ አጨማመቅ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ያንን የሚፈታው ደግሞ ሁሉም ብሮውዘር አይደለም። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ወደ ተለመደው ኤች 264 መለስነው፣ አለቀ።

ለጽሑፉ ደግሞ አቋራጭ አገኘን። የአማርኛውን ቃል ፓወርፖይንት ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው ፎንት ጽፎ፣ ስላይዱን እንደ ፎቶ ሴቭ አድርጎ፣ ፎቶውን ቪዲዮው ላይ ማስገባት። ፎቶ ፎንት አይጠይቅም።

40 ሜጋ

እስከዚህ ድረስ ስናወራ የነበረው ስለ እኛ ችግር ነበር። ስለ እኛ መስመር፣ ስለ እኛ ላፕቶፕ። አንድ ቀን ቲቸርን «ልጆቹ በምንድነው የሚያዩት?» አልኳቸው።

«በእናታቸው ስልክ።»

«ዋይፋይ ያለው አለ?»

ዝም ብለው አዩኝ። ጥያቄዬ ለራሴም አሳፈረኝ። ልጆቹ ያሉት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። አብዛኛው የቀን ፓኬጅ ነው የሚገዛ፤ እሱም የእናት ነው። እናት ደግሞ ከገበያ ስትመለስ ፓኬጁ አልቆ ካገኘችው በማግስቱ ስልክ የለም። እኛ ስለ ጥራት ስንጨነቅ የነበረው በሰው ካርድ ነው ማለት ነው።

ቲቸር ከደብተር ላይ ቁራጭ ወረቀት ቀደው «ከ40 ሜጋ አትበልጥም» ብለው ጻፉና ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፉት። ከዚያ በኋላ የወሰንነው ሁሉ በዚያች ወረቀት ነው የተወሰነው። አንድ ነገር እንጨምር ስንል ወረቀቷን እናያለን።

መጀመሪያ 38ቱን ደቂቃ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ስም መጥራት፣ ዘግይተው የመጡትን ማስገባት፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጀርባ ሰጥቶ መጻፍ፣ ልጆቹ ገልብጠው እስኪጨርሱ መጠበቅ፣ አንዱን ሐሳብ ሦስቴ መድገም። ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ቪዲዮ ላይ ግን ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ አለ፤ ሦስቴ መድገሙን ልጁ ራሱ ያደርገዋል። ንጹሕ ትምህርቱ 11 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ለሁለት ከፈልነው።

በኋላ ሳነብ ይሄ የእኛ ግኝት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ እይታዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ቪዲዮው ምንም ቢረዝም የተለመደው ተማሪ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አሳይተዋል። እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላም ነገር አለ፦ በእጅ እየተሳለ የሚቀርብ ትምህርት ከተዘጋጀ ስላይድ የበለጠ ይይዛል። ቲቸር ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ታዲያ 20 ዓመት በጠመኔ ምን ስሠራ ኖርኩ?»

የክፍሉን ቅጂ ጣልነው። እንደ አዲስ ለመቅረፅ ወሰንን። የልጆቹ ፊት ጉዳይም አብሮ ተፈታ።

ቀረፃው

ትራይፖድ አልነበረም። የእኔን ላምጣ ብል አሁንም ያው መልስ ነው፦ «መስከረም ላይ አንተ የለህ።» ስልኩን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስተኛነው፤ ካሜራው ብቻ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ወደ ታች ያያል። እንዳይወድቅ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ጫንበት። ከስር ዱካ፣ ዱካው ላይ ነጭ ወረቀት። ቲቸር በማርከር ይስላሉ። ከጎን የተቆረጠ ተራራ ነው፦ ላይ ጦሳ፣ ከሥሩ ደሴ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ፣ ታች ኮምቦልቻ። ደሴ ላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ 1,850 ያህል ብለው ጻፉ። አንዱ ደጋ፣ አንዱ ወይና ደጋ።

ድምፁ ለብቻው ነው የተቀዳ፤ በጆሮ ማዳመጫው ማይክ። ደሴን በነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከጎንህ ያለ ሰው የሚለው አይሰማም። ሁለት ቀን ሙሉ የቀዳነው ዝናብ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር ቲቸር ጋቢ ራሳቸው ላይ ደርበው፣ ወረቀታቸውን በስልክ መብራት እያዩ አነበቡ። ጋቢው የክፍሉን ገደል ማሚቶ ዋጥ ያደርገዋል። የሚከፈልበት ስቱዲዮ ያን ያህል አይበልጠውም፤ ይህን የምለው ስቱዲዮ ያለኝ ሰው ሆኜ ነው።

የቪዲዮው መግቢያ እንዲህ ይላል፦ «ጦሳ ላይ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ካለው ሰው ይልቅ ለፀሐይ ይቀርባል። ታዲያ ለምን ይበርደዋል?» ሰላምታ የለም፣ «ውድ ተማሪዎች» የለም። ቀጥሎ ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ይነገራል። ከኮምቦልቻ ደሴ 650 ሜትር ብትወጣ ምን ቀረብካት? ከዚያ ነው ዋናው ነገር የሚመጣ። አየሩ በብዛት የሚሞቀው ከታች፣ ከመሬት ነው። ከፍ ሲል ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ አየሩ ይሰፋል። ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ። ለ650 ሜትር 4.2 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

ኤዲቲንጉን ማን ያዘው?

ማውሱን የያዙት ቲቸር ናቸው። እኔ ከጎን ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ቀን ታይምላይኑ ላይ፣ ቪዲዮው ተዘርግቶ በሚቆረጥበት መስመር ላይ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኤስን ስትጫን ይቆረጣል፣ ዲሊት ስትል ይጠፋል፣ ክፍተቱን ትዘጋለህ። ከዚህ ሌላ የተጠቀሙበት ቁልፍ ብዙ የለም። በሁለተኛው ቀን «እ...» የሚሉባቸውን ቦታዎች ራሳቸው እያደኑ ሲቆርጡ አገኘኋቸው፤ ማታ ሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅሙት።

ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። ልማድ ነዋ። ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ስሸጋገር አበባ እንዲበተን አደረግሁ። ከስር የባቲ ቅኝት ክራር አስገባሁ፤ ከወሎ ወጥቶ ባቲ የማይወድ ማን አለ? ቲቸር አንዴ አዳመጡና «እኔን ነው የምሰማው ወይስ ክራሩን?» አሉ። ሁለቱም ወጡ። ሪቻርድ ሜየር የሚባለው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከብዙ ሙከራ በኋላ የሚለውም ይኸው ነው፦ ለትምህርቱ የማይሠራ ሙዚቃና ጌጥ ከመማር ይቀንሳል። ሌላም ይላል። ሥዕልና ድምፅ እያለ የሚነገረውን ሁሉ በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መደርደር ተማሪውን ያጨናንቃል። እኛም የቃላት ስያሜ ብቻ አስቀረን። «ግፊት» ሲባል ከሥሩ «ፕሬዠር» በእንግሊዝኛው ፊደል። ከአራት ቃል በላይ አንድ ላይ አይወጣም።

አንዱ ቦታ ግን አልረሳውም። ቲቸር «አየሩ ይሰፋል» ይላሉ። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ዝምታ። ከዚያ «ሲሰፋ ይቀዘቅዛል።» እኔ ያንን ዝምታ ቆረጥኩት። ሰርግ ላይ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ማለት ሰው ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ ማለት ነው። መልሰው ሲያዩት ፊታቸው ተቀየረ።

«እዚህ ጋ የነበረውን ምን አደረግኸው?»

«ባዶ ነበር ቲቸር።»

«ባዶ አይደለም። እዚያ ጋ ልጁ ያስባል።»

የተቆረጠውን የሚመልሰውን ቁልፍ ተጭነው መለሱት። ያቺን ሁለት ሰከንድ ለመተው ብዬ ሌላ ቦታ ሁለት ሰከንድ ስቆርጥ ዋልኩ።

5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሆነች። በ720 የምስል ጥራት ስናወጣት 200 ሜጋ ገደማ መጣች። ወረቀቷ 40 ትላለች። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ሲላክ ጥራቱን ዝቅ ማድረጊያ አለ፤ ወደ 480 አውርደን 31 ሜጋ ገባች። ደስ ብሎን ልንልክ ስንል ቲቸር በትንሿ ስልካቸው ከፈቷት። «ግፊት» የሚለው «ገፊት» ይመስላል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ቅጥያ ነው፤ አንዱን ከአንዱ የምትለየው ጭረት ቪዲዮው ሲጨመቅ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ለላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ አይበቃም። ፊደሉን ደማቅ አድርገን በእጥፍ አሳደግነው፣ እንደገና አወጣነው፣ ስልኩን በክንድ ርቀት ይዘን አነበብነው። ከዚያ ተላከች።

መንገድ ላይ የተለካው

ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ቲቸር ራሳቸው የሠሩት ልኬት አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደሴ ጥላ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጠው 15 ዲግሪ አነበቡ። በሚኒባስ ሐረጎን ወርደው 4 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ፣ አሁንም ጥላ ውስጥ፣ 21 አነበቡ። ልዩነቱ 6 ነው። ስሌቱ ግን 4.2 ነው የሚለው። ከመላካችን በፊት «ይህንን እናውጣው፣ ልጆቹ ይደናገራሉ» አሉኝ። እኔ ጂኦግራፊ አላውቅም፤ ግን የሰርግ ኤዲተር የማይነካው ነገር አለ፤ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ። ይቆይ አልኩ። ቆየ።

በአራተኛው ቀን ሱቄ ተመልሰው መጡ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የድምፅ መልእክት ከፈቱ። የልጅ ድምፅ ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ እኮ አንድ ሰዓት አልፏል። ደሴም ሞቆ ነበር።»

ሁለት ጊዜ አሰሙኝ። 20 ዓመት አስተምረው ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ የጠየቃቸው እንዳልነበረ ነገሩኝ። በክፍል ውስጥ ቁጥሩ ከመጽሐፍ ነው የሚመጣ፤ ከመጽሐፍ ጋር ማን ይከራከራል?

በማግስቱ 4 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ያለች እህታቸው ጋ ደወሉ። እሳቸው ደሴ፣ እሷ ኮምቦልቻ፣ ሁለቱም ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ ይዘው በአንድ ጊዜ አነበቡ። 16 እና 20። ሁለተኛው ቪዲዮ ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ እሱንም ቲቸር ብቻቸውን ሠርተው ለአስተያየት ብቻ ነው ያሳዩኝ። መክፈቻው የልጁ ድምፅ ነው፤ እናቱን አስፈቅደው ያስገቡት፣ ስሙ ሳይጠራ። ከኋላው ዶሮ ይጮኻል። ዶሮውን ላጥፋልዎ አልኳቸው።

«ተወው» አሉ። ወረቀቷን አየት አድርገው «27 ሜጋ ነው» ብለው ላፕቶፑን በፌስታል ጠቀለሉት።